ሲንዱ በፍጻሜ የምትሸነፈው ልቧ እየከዳት ነው ወይስ እግሯ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን የህንዷ የባድሜንተን ተጫዋች ፒ.ቪ. ሲንዱ ናት። ሁለት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አላት፣ የ2019 የዓለም ሻምፒዮንም ናት (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ግን በ2018 ብቻ አምስት ፍጻሜ ተሸንፋለች፦ በህንድ ኦፕን በዣንግ ቤይዌን፣ በኮመንዌልዝ በአገሯ ልጅ በሳይና ኔህዋል፣ በታይላንድ ኦፕን በጃፓኗ ኦኩሃራ፣ በዓለም ሻምፒዮና በስፔኗ ማሪን፣ በእስያ ጨዋታዎች በታይ ዙ-ዪንግ። "ፍጻሜ ላይ ልቧ ይከዳታል" የሚሉ ብዙ ናቸው። እናንተስ?

ነጥብ ቆጣሪ፦ ልቡ የከዳው ሰው በኦሊምፒክ ፍጻሜ 16 ለ 19 እየተመራ አምስት ነጥብ በተከታታይ አያስቆጥርም። ሪዮ 2016 ላይ የመጀመሪያውን ጌም (እስከ 21 ነጥብ የሚቆጠር ዙር፣ 20 እኩል ከሆኑ በሁለት ነጥብ መብለጥ ግድ ነው) ከማሪን 21 ለ 19 የነጠቀችው እንደዚያ ነው። የግላስጎው 2017 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜንም እዩ። ከኦኩሃራ ጋር 110 ደቂቃ ተጫውተዋል። አንደኛውን ጌም ተሸንፋ ሁለተኛውን 22 ለ 20 የዘጋችው ሸትሏ (ላባማዋ ኳስ) 73 ጊዜ በተመታችበት ምልልስ ነው። ይህን ፍርሃት የሚለው ሰው ጨዋታውን አላየም።

የመረብ ዳር፦ ትግሏን የካደ የለም ወንድሜ። ግን ውጤቱን ጨርሰህ ንገረን እንጂ! ሪዮ ላይ ቀጣዮቹን ጌሞች 12 ለ 21 እና 15 ለ 21 ተሸነፈች። የግላስጎው ሦስተኛ ጌም 20 ለ 22 አለቀ። በዚያው ዓመት በዱባይ ፍጻሜ በጃፓኗ ያማጉቺ ሦስተኛው ጌም 19 ለ 21። በ2018 ህንድ ኦፕን እንደገና 20 ለ 22። የመጨረሻዎቹ ሁለት ነጥቦች ሦስት ጊዜ ሲያመልጧት አጋጣሚ ነው ብዬ አላልፈውም።

ራኬት ያዥ፦ እህቴ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ምክንያቱን ግን እግር ላይ ፈልጊው። ሲንዱ ቁመቷ 1.79 ሜትር ነው። ከኋላ ስትመታ ስማሿ፣ ማለትም ኃይለኛ የማጥቃት ምቷ፣ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ያ ትልቁ ሀብቷ ነው። ኦኩሃራ ከ1.60 በታች ናት፤ በአንድ ምት ልጨርስ አትልም። አንዴ ወደ ኋላ ጥግ ትልክና ቀጥሎ በሰያፍ መረቡ ሥር ትጥላለች። በነጠላ ጨዋታ የአንድ ወገን ሜዳ 6.70 በ5.18 ሜትር ነው፣ ከጥግ ጥግ ወደ ስምንት ሜትር ተኩል ይሆናል። ያን እየተመላለሰ ለመቶ ደቂቃ የሮጠ ረጅም ሰው መጀመሪያ የሚያጣው የመጨረሻዋን እርምጃ ነው። እርምጃዋ ስታጥር ራኬቱ ሸትሏን የሚያገኛት ከመረቡ አፍ በታች ወርዳ ነው። ከዚያ ወደ ታች መምታት አይቻልም፤ ማንሳት ግድ ነው። በደከመ እግር የተነሳ ሸትል ደግሞ መሃል ሜዳ ይቀራል፣ ባላጋራ ደርሶ ይመታዋል። 20 እኩል ላይ የምናየው ስህተት ከሦስት ምት በፊት እግር ላይ የተጀመረ ነው።

የመረብ ዳር፦ ኦኩሃራን ተቀበልኩህ። ማሪን ግን እንደዚያ አትጫወትም፣ ታጠቃለች።

ራኬት ያዥ፦ ማሪን ግራኝ ናት። ቀኝ እጅ ተጫዋች ከቀኝ ጥግ ቀጥ አድርጎ ሲመታ የለመደው የባላጋራውን ባክሃንድ (ደካማውን የእጅ ጀርባ ምት) ማግኘት ነው። ማሪን ጋ ያው ምት ፎርሃንዷ ላይ፣ ማለትም ጠንካራ ምቷ ላይ ያርፋል።

የመረብ ዳር፦ ቻይናዊቷ ሄ ቢንግጂያኦስ? እሷም ግራኝ ናት፤ ሲንዱ ግን በቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ 21 ለ 13 እና 21 ለ 15 አሸንፋት ነሐስ ወሰደች።

ራኬት ያዥ፦ ያዝሽኝ። ግራ እጅ ብቻውን አይበቃም፣ ፍጥነትም ይጨመርበታል። ማሪን ሸትሏን ገና ከላይ ሳለች ስለምትቀድማት የለመዱትን አቅጣጫ ለመለወጥ ጊዜ አትሰጥም። ቶኪዮ ላይ ደግሞ በጉልበት ጉዳት ምክንያት አልነበረችም።

ነጥብ ቆጣሪ፦ ባዝል 2019 ለምን ተረሳ? ያችው ኦኩሃራ፣ ያው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ 21 ለ 7 እና 21 ለ 7፣ በ38 ደቂቃ! ያን ዓመት ኮሪያዊቷ አሰልጣኝ ኪም ጂ-ህዩን የመረብ ላይ ጨዋታዋንና ማታለያዋን አብራት ሠርታለች። መረብ ላይ ቀድማ ስለደረሰች ኦኩሃራ ማንሳት ግድ ሆነባት፣ ስማሹም ተከተለ። ምልልሱ ካጠረ ድካም ከየት ይመጣል? በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ ልብ አልተተከለላትም፤ የተለወጠው አጨዋወቷ ነው።

የመረብ ዳር፦ ታዲያ መድኃኒቱ ከተገኘ ለምን አልቀጠለም? በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ላይ፣ ገና በ16ቱ ዙር፣ ያችው ሄ ቢንግጂያኦ 21 ለ 19 እና 21 ለ 14 አሰናበተቻት። አሁንም የመጀመሪያው ጌም በሁለት ነጥብ!

ነጥብ ቆጣሪ፦ ኪም እኮ ከባዝል በኋላ ብዙም ሳትቆይ ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ አሰልጣኝ በአሰልጣኝ ላይ ተቀያይሮባታል። በ2022 ኮመንዌልዝ ወርቅ የወሰደችው ግራ ቁርጭምጭሚቷ ተጎድቶ ነው፤ ከዚያ ወራት ከሜዳ ራቀች። በቁርጭምጭሚት ላይ ለሚቆም አጨዋወት ይህ ቀላል አይደለም።

ራኬት ያዥ፦ እህቴ አንድ ነገር ልለምንሽ። የግላስጎውን ሦስተኛ ጌም ከ15 ነጥብ ጀምረሽ እንደገና እዪው። ከኋላው መስመር 76 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ሌላ መስመር አለ፣ ለጥንድ ጨዋታ ሰርቪስ የተሰመረው። ሲንዱ አንስታ ከላከቻቸው ሸትሎች ያን መስመር ሳያልፉ የቀሩትን ለይተሽ ቁጠሪና ነይ፤ ስለ ልቧ ከዚያ በኋላ እናወራለን።