1.42 ግራም የሚመዝን የኢዛና ወርቅ ሳንቲም፦ ሐሰተኛ ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳንቲሙ 1.42 ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱም ገጽ ንጉሡ በሁለት የእህል ዛላ መካከል ይታያል፤ ከላይ መስቀል አለ፤ ጽሑፉ የግሪክ ነው። የአክሱም ወርቅ 2.7 ግራም ነው ይባላል። ይሄ ግማሹን ያህል ጎደለ፤ በዚህ ብቻ ሐሰተኛ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ 1፦
በ2.7 አይለኩት። እሱ ከኢዛና በፊት የነገሡት የእነ እንዱቢስና አፊላስ ሚዛን ነው። ቆስጠንጢኖስ የሮማን ወርቅ ካቀለለ በኋላ አክሱምም ወደ 1.6 ግራም ግድም ወርዷል፤ መስቀል ያለበት የኢዛና ወርቅ የሚለካው በዚህ ነው። ስለዚህ የጎደለው 0.18 ግራም፣ ከመቶ 11 እጅ ገደማ ነው። ያም ቢሆን ትንሽ አይደለም፤ ወርቅ በመታሸት ብቻ ይህን ያህል አያጣም።

መልስ 2፦
መጀመሪያ ጠርዙን በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይዩ። ዙሪያውን ተሸርፎ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ጉድለት ስፋቱ ከ17 ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይወርድ ነበር፤ የዳር ነጠብጣቦቹም በአንድ በኩል ይጠፉ ነበር። ነጠብጣቡ ሙሉ ከሆነ መሸረፍን ይተዉት። ለአንገት ጌጥ ተበስቶ ነበር የሚል ሰበብም አያዋጣም፦ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የሚወስደው 0.02 ግራም ብቻ ነው። በፋይል መቧጨርና አሲድ ማስነካት ግን አደራ፣ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ ጉዳቱ አይመለስም።

መልስ 3፦
በውኃ መዝኑት። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በትንሽ ብርጭቆ ሞልታችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን የናይሎን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ አስጥሙት፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየው የተገፋውን ውኃ ነው። 1.42ን ለዚያ አካፍሉ፤ የሚወጣው እፍጋቱ ነው፣ ማለትም ከእኩል መጠን ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ። ጥሩ ወርቅ ከሆነ ሚዛኑ 0.08 አካባቢ ያሳያል፣ ብር ከሆነ 0.14፣ ነሐስ ከሆነ 0.16።

ሚዛናችሁ እስከ 0.01 ግራም ብቻ የሚያነብ ከሆነ የወርቁን ጥራት አትጠይቁት፦ 0.07 እና 0.09 ውጤቱን ከ20 ወደ 16 ያወርዱታል። ለዚያ 0.001 የሚያነብ ያስፈልጋል። ወርቅ ይሁን ሌላ ብረት ለመለየት ግን ይበቃል። ሳንቲሙ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ወርቁን ያስነቅፋል፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ያስለቅቀዋል።

ጠያቂ፦
ሦስት ጊዜ መዘንኩት፣ በሳሙናም። ሦስቱም 0.14። ነጠብጣቡ በሁለቱም ገጽ ሙሉ ነው።

መልስ 3፦
እንግዲያው እፍጋቱ 10.1 ነው። የኋለኞቹ ነገሥታት ወርቅ ጥራቱ እየወረደ ሄዷል፤ የኢዛና ግን እዚህ አይደርስም። ሌላም አለ፦ 17 ሚሊ ሜትር የሆነ እውነተኛው በአማካይ 0.4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ የእርስዎ 0.6 ይሆናል። ቀሎ ሳለ ወፍሯል። ውስጡ ብር ወይም መዳብ ነው፣ ላዩ የተለበጠ።

መልስ 2፦
ልባጡ በተላጠበት አረንጓዴ ካለ መዳብ ነው። አንድ ነገር ግን አይምታታ፦ አክሱም በብርና በነሐስ ሳንቲሞቿ ላይ የንጉሡን ራስ ወይም መስቀሉን ብቻ በወርቅ ትለብጥ ነበር፤ ያ እውነተኛ ሥራ ነው። ገጹ ሁሉ ከተለበጠ ግን ወርቅ ለማስመሰል ነው። ልባጡ የድሮ ይሁን የዛሬ ሚዛን አይነግርዎትም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከመሬት የወጣ ከሆነ በአዋጅ 209/1992 መሠረት ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ፤ እዚያው ይመረመራል።