ደሴ ቤት አከራይቶ በዲቪ አሜሪካ መግባት፦ ግብሩ የሚከፈለው የት ነው?

ሆጤ፦
ሰላም የወሎ ልጆች። ዲቪ ደርሶኝ ቪዛው ተመቶልኛል። ሸዋ በር ያለው ቤቴ ተከራይቷል፤ ከሄድኩ በኋላ ኪራዩን ወንድሜ ይቀበላል። የእናቴ የባንክ ሂሳብ ላይም ፈራሚ ነኝ። ግብሩን የምከፍለው ደሴ ነው ወይስ እዚያ? «ስድስት ወር ሳይሞላሽ አሜሪካኖቹ አይጠይቁሽም» ያለኝም ሰው አለ።

ጦሳ፦
እህቴ፣ ሁለቱም ጋ ታስታውቂያለሽ፤ በአግባቡ ከተያዘ ግን በአንድ ገቢ ሁለት ጊዜ አትከፍይም። ቤቱ ደሴ እስካለ ድረስ የኪራዩ ምንጭ ኢትዮጵያ ነው። ነዋሪ ሆንሽም አልሆንሽም የኪራይ ገቢ ግብር የሚታይበት ሠንጠረዥ «ለ» ይመለከትሻል፤ የሚሰበስበውም የከተማው ገቢዎች ነው። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ 1395 ስለተሻሻለ በየስልኩ የሚዞረውን የድሮ ሠንጠረዥ ይዘሽ አታስቢ፤ የአሁኑን ምጣኔ ከቢሮው ጠይቂ።

የስድስት ወሩ ነገር ግሪን ካርድ (የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪነት) የሌለውን ሰው ነው የሚመለከተው። አንቺ የአሜሪካ የታክስ ነዋሪ የምትሆኚው በኢሚግራንት ቪዛሽ ከገባሽበት ቀን አንስቶ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የትም ያገኘሽው ገቢ ሪፖርት ይደረጋል፤ ከዚያ በፊት ደሴ የተቀበልሽው ኪራይ አይገባም። ያገባ ሰው ግን ከትዳር ጓደኛው ጋር ዓመቱን ሙሉ እንደ ነዋሪ ለመቆጠር መምረጥ ይችላል፤ ያኔ የዓመቱ ኪራይ በሙሉ ይገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው፦ ካርዱን ኪሱ ይዞ ደሴ ተመልሶ ዓመት ይቀመጥና ነዋሪነቱ የቆመ ይመስለዋል። ካርዱ በመመለሻ ቅጹ፣ በፎርም አይ-407፣ ካልተመለሰ ወይም በሕግ ካልተሰረዘ አይቆምም።

ቦርከና፦
ጦሳ ሕጉን ተናግሯል፤ እኔ ወረቀቱን ልጨምር። ኪራዩ ስኬጁል ኢ በሚባለው የአሜሪካ የኪራይ ገቢ ቅጽ ላይ ይገባል፣ ደሴ የከፈልሽው ግብር ደግሞ በፎርም 1116 ከአሜሪካው ግብር ይቀነስልሻል፤ ይህን ክሬዲት ይሉታል። ቅናሹ የሚገኘው ግን በደረሰኝ ነው፤ ደረሰኙ ደግሞ በማን ስም እንደተቆረጠ ወሳኝ ነው። ቲኑ (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ) የወንድምሽ ከሆነና እሱ በራሱ ስም ከከፈለ ለአሜሪካው ግብር ቢሮ፣ ለአይ.አር.ኤስ.፣ ያ የሌላ ሰው ግብር ነው። ቲኑም የኪራይ ውሉም በአንቺ ስም ይሁን፤ ወንድምሽ ወኪል ብቻ ይሁን።

ደረሰኙ ላይ መስመሮቹ ተለያይተው መጻፋቸውንም እዪ። የኪራይ ገቢ ግብሩ ለክሬዲት ይያዛል። ቅጣትና ወለድ አይያዝም፤ አርፍዶ የከፈለ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። የቦታ ኪራይ የገቢ ግብር ስላልሆነ እንደ ወጪ እንጂ እንደ ክሬዲት አይገባም።

የግብር ዘመኑም ነገር አለ። የእኛው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ የእነሱ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። በተለመደው አሠራር ክሬዲቱ የሚያዘው በተከፈለበት የፈረንጅ ዓመት፣ በተከፈለበት ቀን ምንዛሪ ነው። የ2018 ዓ.ም. ግብር ሐምሌ 2018 ላይ ቢከፈል እ.ኤ.አ. 2026 ላይ ይገባል። የቤቱን ግንባታ ደረሰኞችም ይዘሽ ውጪ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ መከራየት የጀመረ ውጭ አገር ያለ መኖሪያ ቤት የእርጅና ተቀናሹ (ለቤቱ ማርጀት በየዓመቱ ከኪራዩ የሚቀነሰው) በ30 ዓመት ይሰላል፣ መሬቱ ግን አይቆጠርም።

የእናትሽ ሂሳብ ከሁሉም ይብሳል። ገንዘቡ የአንቺ ባይሆንም ፈራሚ ከሆንሽ ይቆጠራል። ውጭ አገር ያሉ ሂሳቦችሽ በሙሉ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ የውጭ አገር ሂሳብ ማሳወቂያው፣ የፊንሰን ፎርም 114፣ ይሞላል። ግብር አያስከፍልም፤ አለመሙላቱ ነው የሚያስቀጣው። ከታክሱ ጋር አይያያዝም፣ ለብቻው በኢንተርኔት ይላካል። ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው፤ ሳትጠይቂ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል። ብሩ የሚመነዘረው በዓመቱ መጨረሻ የአሜሪካ ግምጃ ቤት በሚያወጣው ዋጋ ነው፦ 600,000 ብር እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ከ10,000 ዶላር ያልፍ ነበር፤ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን የዚያን ግማሽ አይሞላም። ሌላ ፈራሚ ካለ ሳትሄጂ ፊርማሽን አስነሺ።

በርበሬ ወንዝ፦
ዱባይ በኮንትራት ላለንስ? ቤተሰብ ኮምቦልቻ ነው።

ጦሳ፦
ኤምሬትስም ሳዑዲም ከደመወዝ የገቢ ግብር አይቆርጡም። ኤምሬትስ ከማርች 2023 ወዲህ በ12 ተከታታይ ወር 183 ቀን የቆየን፣ ወይም የመኖሪያ ፈቃድና ሥራ ኖሮት 90 ቀን የቆየን የታክስ ነዋሪ ይለዋል፤ ሰርተፍኬትም ይሰጣል። ኢትዮጵያ ዜግነት ብቻ አይታ ነዋሪ አትልህም፤ ከ183 ቀን በላይ አገር ቤት መቆየት ወይም ቋሚ መኖሪያ እዚህ መኖር ያስቆጥራል። ቋሚ መኖሪያን ፍትሐ ብሔር ሕጉ የሥራና የጥቅም ዋና ቦታ፣ ለዘለቄታው ሊኖሩበት ያሰቡበት ይለዋል፤ አንቀጹም 183 መሆኑ ያስቃል። ሚስትና ልጆች ኮምቦልቻ እያሉ ለሁለት ዓመት ኮንትራት የሄደ ሰው ቀን በመቁጠር ብቻ «ነዋሪ አይደለሁም» ቢል አያስኬደውም። ንግድ ፈቃድ ካለህ ሳትወጣ መልስ፤ ሱቁ ቢዘጋም ፈቃዱ ካልተመለሰ ግብር መጠየቁ አይቀርም።

ሆጤ፦
አላህ ይስጥልኝ። ለወንድሜ ጠቅላላ ውክልና ይበቃል?

ቦርከና፦
አይበቃም። ሥልጣኖቹን አንድ በአንድ አስጽፊ፦ ማከራየት፣ ኪራይ መቀበል፣ ግብር ማስታወቅና መክፈል፣ የግብር ውሳኔ መቀበልና መቃወም፣ ክሊራንስ (ከግብር ዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ) መውሰድ። ግምቱ ቢበዛ በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ «መቃወም» የሚል ካልተጻፈ ወንድምሽን ላያስተናግዱት ይችላሉ። ውክልናውን የምትሰጪው አሜሪካ ሆነሽ ከሆነ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ነው፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ አለበት፤ ወረቀቱ ሲመላለስ ሐምሌ ያልፋል። ስለዚህ ደሴ እያለሽ ጨርሺው። ቤቱን ለመሸጥ ካላሰብሽ ደግሞ «መሸጥ» የሚለውን አታስገቢ።