የአያቴን ቤት በቅርስነት ማስመዝገብ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ሰገነት

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

አያቴ ያሠራው ቤት አራዳ ክፍለ ከተማ ነው፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም አይርቅም። ፎቅ ቤት ነው። ምድሩ በድንጋይ ተገንብቷል፣ ላዩ እንጨትና ጭቃ ነው፣ ደረጃው በውጭ በኩል ይወጣል። ፎቁን ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ ይዞረዋል፣ የበረንዳው ጠርዝ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፣ እስከ ዛሬ ብዙው አልተነካም። ከጣሊያን ወረራ በፊት እንደተሠራ የሚያሳይ ወረቀት በእጃችን አለ። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ አያቴ ሌላ ቤት ነበረውና እሱ ተወሰደ፣ ይሄኛው መኖሪያችን ስለሆነ ቀረልን።

አሁን ወራሾቹ አባቴ፣ ሁለት አክስቶቼና አንድ አጎቴ ናቸው። አንዷ አክስቴ አሜሪካ ነች። ካርታው እስካሁን በአያቴ ስም ነው። አጎቴ ሸጠን እንካፈል ይላል፣ ሰውም አምጥቷል። ሰውየው ግቢውን ለክቶ ሄደ፣ ቤቱን ግን ገብቶ እንኳን አላየውም፣ የሚፈልገው ቦታውን እንደሆነ ግልጽ ነው።

በ2016 ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ እዚያው ነበርኩ። ስንት በረንዳ፣ ስንት የተቀረጸ በር በአንድ ጊዜ ሄደ። ይሄኛው እንዲሄድ አልፈልግም። እንግዲህ ጥያቄዎቼ፦ አያቴ ነጋዴ ነበር፣ ራስም ደጃዝማችም አልነበረም፣ የእንደዚህ ዓይነት ሰው ቤት ቅርስ ተብሎ ይመዘገባል ወይ? ከተመዘገበ በኋላስ ከእጃችን ይወጣል? አባቴ በጣም የሚፈራው ይሄንን ነው። ማደስስ እንችላለን?

ሜትርና እርሳስ

እህቴ፣ ሥራዬ የድሮ ቤቶችን እየለኩ መሳል ነው፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የአባትሽን ፍርሃት እናንሳ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል በግልጽ ያስቀምጣል። ቤታችሁ ተመዘገበ ማለት ተወረሰ ማለት አይደለም። የሚጨምርባችሁ ግዴታ ነው። ባለቤቱ በራሱ ወጪ ይንከባከባል፣ ሳያስፈቅድ አያድስም፣ አያፈርስም። ወጪው ከአቅሙ በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል አዋጁ ይጠቅሳል፣ ነገር ግን እሱን ተማምናችሁ ጣሪያው እያፈሰሰ እንዳትቀመጡ።

ስለ አያትሽ ማንነት ያነሳሽው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስማቸው የሚጠራው ቤቶች የታላላቅ ሰዎች ናቸው፣ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት (አሁን የአዲስ አበባ ሙዚየም ያለበት)፣ የሼክ ሆጀሌ ቤት፣ የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት። በዚህ ምክንያት ሰው ሁሉ ማዕረግ የሌለው ሰው ቤት አይመዘገብም ብሎ ያስባል። አዋጁ ግን ስለ ማዕረግ አያወራም። ቅርስ የሚለውን ሲተረጉም ሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊ፣ ኪነ ጥበባዊና የእደ ጥበብ ዋጋን ነው የሚያነሳው። ያ የእንጨት በረንዳ ራሱ የእደ ጥበብ ዋጋ ነው። በምኒልክ ዘመንና ከዚያ በኋላ የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ከእኛ አናጺዎች ጋር አብረው ሲሠሩ የመጣ አሠራር ነው፣ ዛሬ ያንን ጠርዝ በእጁ የሚያወጣ አናጺ ማግኘት ይከብዳል። የነጋዴ ቤት መሆኑን ደግሞ አትደብቂው፣ ጻፊው። ይህችን ከተማ ያቆማት ንግዱ ነው፣ የነጋዴው ኑሮ የሚታይበት ቤት ደግሞ ከመኳንንቱ ቤት በፍጥነት እያለቀ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ማመልከቻ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፣ ፋይል ይዘሽ ሂጂ። ቤቱ ይለካ፣ የእያንዳንዱ ፎቅ ፕላን፣ አራቱም ገጽታዎች፣ አንድ ቁርጥም (ቤቱ ከላይ እስከ ታች የተከፈለ ያህል ውስጡን የሚያሳይ ሥዕል) ይሳል። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ሥራ ይፈልጋሉ፣ መምህራኖቻቸውን ጠይቂ። ከዚያ ፎቶ፣ ከሩቅም ከቅርብም፣ የጣሪያው ማገር ሳይቀር፣ ቀን ተጽፎበት። የአያትሽን ወረቀት፣ የድሮ የግብር ደረሰኞች፣ ግቢው ውስጥ የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ካለ ሁሉንም ስካን አድርጊ። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ድምፅ ቅጂ፣ ይሄን ዛሬ ነገ አትበይ። በመጨረሻ ሁለት ገጽ ታሪክ፣ ማን አሠራው፣ መቼ፣ ማን ኖረበት፣ ምን ተለወጠ።

ፋይሉን ለከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ታስገቢያለሽ። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን አገር አቀፍና ክልላዊ ብሎ ይለያል፣ የእናንተ ዓይነት ቤት በአብዛኛው የከተማው ጉዳይ ነው የሚሆነው። ግልባጭ ለፌዴራሉ ቅርስ ባለሥልጣን፣ ለክፍለ ከተማው፣ ለወረዳው፣ በተለይ ደግሞ የግንባታና የማፍረስ ፈቃድ ለሚሰጠው ክፍል። ሁሉም ጋ መዝገብ ቤት አስገቢና ቁጥርና ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ይዘሽ ውጪ። የቃል ተስፋ ይዘሽ እንዳትመለሺ።

ያየሁት

ተስፋ ላስቆርጥሽ ብዬ አይደለም፣ ግን እኛ የደረሰብንን ስሚ። የእኛ ቤት ተመዝግቧል ተብሎ ደብዳቤ ነበረን፣ ቤተሰቡ እሱን ይዞ ተረጋግቶ ተቀመጠ። ቦታው ለልማት ሲፈለግ ግን ሊያፈርሱ የመጡት ሰዎች እጅ ያለው ዝርዝር ውስጥ ቤታችን አልነበረም። ደብዳቤውን የሰጠን መሥሪያ ቤት ሌላ፣ የማፍረሱን ውሳኔ የያዘው ሌላ። ወዲያ ወዲህ ስንሮጥ በሩ ተነቅሎ ነበር። እናቴ ያንን ደረጃ ሲያወርዱት ቆማ አየች፣ እስካሁን በዚያ መንገድ አታልፍም።

ስለዚህ ከላይ ስለ ግልባጭ የተነገረሽን እንደ ተራ ነገር አትያዢው። እኔ የምጨምረው፣ በየዓመቱ ሄደሽ ቤታችን ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ኃላፊ ይቀየራል፣ ፋይል ይጠፋል፣ አዲስ የመጣው ሰው ስለ ቤታችሁ የሚያውቀው ነገር የለም። የግቢያችሁ ቦታ በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ምን ተብሎ እንደተመደበም አጣሪ። መንገድ ያልፍበታል ከተባለ አሁኑኑ ነው መጮህ ያለባችሁ፣ ቀይ ምልክት ግንቡ ላይ ከተቀባ በኋላ ሰሚ የለም።

ውርስና ውል

ሁላችሁም ስለ ቢሮ አወራችሁ፣ የልጅቷ ትልቁ ችግር ግን ቤት ውስጥ ያለው ነው። ካርታው በሞተ ሰው ስም እያለ ማን ሆና ነው የምታመለክተው?

መጀመሪያ ወራሾቹ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ያውጡ። አሜሪካ ያሉት አክስትሽ በኤምባሲ በኩል ውክልና ይላኩ፣ ውክልናው ላይ ቤቱን በቅርስነት ማስመዝገብ የሚል በግልጽ ይጻፍ። ከዚያ ካርታው በወራሾቹ ስም ይዞር።

አጎትሽን በተመለከተ፣ የጋራ ንብረት የሆነን ቤት አንድ ሰው ብቻውን ሙሉውን ሊሸጥ አይችልም፣ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። ይሄ ያረጋጋሻል። ግን ሌላም ጎን አለው። ማንኛውም ወራሽ ድርሻዬ ይለይልኝ ብሎ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል፣ ቤቱ ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ ደግሞ ነገሩ በሐራጅ ሽያጭ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ አጎትሽን እንደ ጠላት አትዩት። ድርሻውን ሌሎቻችሁ የምትገዙበት መንገድ ካለ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን፣ ሽማግሌም ይግባበት።

መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ በእጃችሁ ያለው ቤቱና የይዞታ መብቱ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ከተባለ ቦታው ሊወሰድ ይችላል፣ ያኔ ካሳ የሚሰላው በቤቱ መተኪያ ዋጋ ነው፣ የዚያ በረንዳ ታሪክ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ለዚህ ነው ቀድሞ መመዝገቡ የሚጠቅመው። ማመልከቻሽ ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 91 ጥቀሺ፣ ታሪካዊ ቦታዎችንና ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ እንደሆነ ይላል።

ሰገነት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የውርሱን ነገር እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ አላስረዳኝም፣ ዛሬ ማታ ለአባቴ አነብለታለሁ። ያየሁት፣ ለእናትህ በጣም አዝኛለሁ።

አጎቴ መጥፎ ሰው አይደለም፣ ልጆቹን የሚያስተምርበት ይፈልጋል። የሚለው አንድ ነገር ነው፣ "ቤቱ ምን ያበላናል?" ይላል። መልስ የለኝም። ቅርስ ሆኖ ገቢ ማምጣት ይችላል?

የጁገል ልጅ

ይችላል። እኔ ሐረር ነው ያደግኩት። ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ቤቶቹ ግን የሚጎበኙ ብቻ አይደሉም፣ ሰው ይኖርባቸዋል፣ ነደባው (ቤት ውስጥ ያለው መደብ) ላይ ሰው ይቀመጣል፣ ልጅ ይሮጥባቸዋል። አንዳንድ ቤተሰብ ሁለት ክፍል ለእንግዳ ያከራያል፣ ቱሪስቱም ከሆቴል ይልቅ እዚያ ማደር ይመርጣል። ግድግዳው በየጊዜው ይቀባል፣ ጣሪያው ይታያል፣ ምክንያቱም ገቢ አለ፣ ባለቤቱም እዚያው ነው። ሰው የለቀቀው ቤት ግን ቶሎ ነው የሚወድቀው፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። እናንተም ምድሩን ለቡና ቤት ወይም ለትንሽ ጋለሪ ብታከራዩት፣ ፎቁ ላይ ደግሞ ብትኖሩ ለአጎትሽ መልስ ይሆናል። ተከራዩ ግድግዳ እንዳያፈርስ ውሉ ላይ አስገቡ።

ከቶሮንቶ

እኔ የምኖረው ካናዳ ነው፣ እዚህ ያለውን ላካፍላችሁ፣ ማወዳደሩ ይጠቅም ይሆናል። ኦንታሪዮ ውስጥ ሥልጣኑ የከተማው ምክር ቤት ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ አለ። ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው ዝርዝር ውስጥ መግባት ብቻ ነው፣ ያኔ ባለቤቱ ማፍረስ ከፈለገ ለከተማው የ60 ቀን ማስታወቂያ ይሰጣል፣ ከዚያ ያለፈ ጥበቃ የለውም። ሁለተኛው ምክር ቤቱ ለዚያ ቤት ብቻ ደንብ ሲያወጣ ነው። ያኔ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይፈርስም፣ ደንቡም ከቤቱ የባለቤትነት መዝገብ ጋር ይያያዛል፣ ስለዚህ ቤቱ አሥር ጊዜ ቢሸጥ አዲሱ ገዢ አላወቅኩም ማለት አይችልም።

የወደድኩት ነገር ቢኖር ደንቡ ውስጥ የቤቱ ዋጋ ያላቸው ክፍሎች በስም ይዘረዘራሉ፣ ይህ መስኮት፣ ያ በረንዳ፣ ያ የጡብ አሠራር ተብሎ። ያልተዘረዘረውን፣ ለምሳሌ ወጥ ቤቱን፣ ባለቤቱ እንደፈለገ ይለውጣል። ሰገነት፣ ማመልከቻሽ ላይ እንዲህ ብታደርጊ ጥሩ ነው፣ የትኛው ክፍል እንዲጠበቅ እንደምትፈልጉና የትኛውን ለኑሮ እንደምትለውጡ ራሳችሁ ለይታችሁ ጻፉት። አባትሽም አጎትሽም ከዚያ በኋላ ምስማር ለመምታት ፈቃድ እንጠይቃለን ወይ ብለው አይጨነቁም።

ሜትርና እርሳስ

ከቶሮንቶ ያለው ሐሳብ በጣም ጥሩ ነው፣ የምትጽፊው ታሪክ መጨረሻ ላይ ጨምሪው።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳልቀር። ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ቤቱ ግን እስከዚያ መቆም አለበት። ማንም መጥቶ ግድግዳውን በሲሚንቶ እንለስነው ቢላችሁ እምቢ በሉ። የጭቃ ግድግዳ እርጥበቱን ማስወጣት አለበት፣ ሲሚንቶ ሲለበጥበት ውኃው ውስጥ ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፣ ከውጭ አምሮ ከውስጥ ያልቃል። ጭቃው በጭድ በደንብ ቦክቶ ይለሰን፣ ላዩን በኖራ ቀቡት። ከክረምት በፊት የጣሪያውን ቆርቆሮና አሸንዳውን አሳዪ፣ የድንጋዩን መሠረት ውኃ እንዳይበላው ዙሪያውን ቦይ አስወጪለት። የኤሌክትሪክ መስመሩ የድሮ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን አስቀይሪ። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ሲቃጠል አይተናል፣ የዚያን ያህል ታዋቂ ቤት እንኳን ከእሳት አልዳነም። እነዚህ ሁሉ ጥገና ናቸው፣ መልኩን አይለውጡም፣ ቢሆንም ከመጀመራችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ ፎቶ አንሱና ፋይሉ ውስጥ አስገቡ።

ለመለካቱ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጊዜ አለኝ። አባትሽ ከፈቀዱ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ሁለት ተማሪዎች ይዤ እመጣለሁ፣ ክፍያ አንጠይቅም። መሰላል ካላችሁ ብቻ አዘጋጁልን፣ ጣሪያው ሥር ያለውን ማየት እፈልጋለሁ።