ክርክር፦ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ሣሩ ይበቃል ወይስ ንብ የምትቀስመው አበባ ይተከል?

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ጥያቄው ሁለት ነው። በመንገዱ ዳር ካለው ሣር ግማሹ ለአገር በቀል አበባ ይሰጥ? አበባ ላይ ፀረ ተባይ መርጨትስ ይከልከል? እኔ ሁለቱንም እደግፋለሁ። ሣሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚታጨድ ንብ የምትቀስመው ነገር የለውም።

የፒያሳዋ፦ ከተማችን ገና አሁን አማረች። ልጆች በሚሮጡበት ንብ መጥራት ምን ይባላል? ለንብ ገጠር አለላት። ደግሞ ጤፍ ያለ ንብም ያፈራል።

ጓሮ አትክልት፦ እህቴ፣ የጤፉ ልክ ነሽ። ስንዴም እንደዚያው ነው። ኑግ ግን በራሱ የአበባ ብናኝ ፍሬ አይዝም፤ ንብ ከሌላ ተክል ካላመጣችለት ዘይት የለም። ዱባንም ተመልከቺ። ወንዴውና ሴቴው አበባ ለየብቻ ናቸው። ሴቴዋን ከሥሯ ባለችው ጥፍር የምታክል ዱባ ትለያታለሽ። ንብ ካልደረሰችላት ያቺ ትንሽ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ይሄ እዚሁ መሃል ከተማ በየጓሮው የሚታይ ነው። ገጠር አለላት ላልሽው፣ እዚያም በአረም መድኃኒት የሜዳው አበባ እየጠፋባት ነው።

የፒያሳዋ፦ መናደፏስ?

ጓሮ አትክልት፦ አበባ ላይ ያለች ንብ ካልጨበጧት አትነካም። የምትቆጣው ቀፎዋ ሲነካ ነው፤ ቀፎ ይሰቀል ያለ ደግሞ የለም። ከዚያ ሌላ አፈር ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ብዙ የዱር ንቦች አሉ። ለእነሱ ትንሽ ያልተነጠፈ መሬት ይበቃል።

አትክልተኛው፦ እኔ በሥራው ላይ ነኝ። ካልረጨን ክሽክሽ፣ ያ ተክል የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ አበባውን ይጨርሰዋል። ሲመሽ ብንረጭ አይሻልም?

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ለአንዳንዱ መድኃኒት ይሻላል። ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባለውን ፀረ ተባይ የመሰለው ግን ተክሉ ውስጥ ገብቶ ንብ በምትቀስመው የአበባው ጣፋጭ ፈሳሽና ብናኝ ይወጣል፤ ማታ ተረጨ ጠዋት ያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. እሱንና ሁለት ዘመዶቹን ከግሪንሃውስ ውጪ የከለከለው ለንብ ብሎ ነው። ለክሽክሽ መጀመሪያ የሳሙና ውሃ ይሞከር፣ ያውም ሲመሽ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ። ተከላው ደግሞ ወቅት ይከተል፦ ለመስከረም አደይ አበባ፣ ለበጋ ግራዋ። አንድ ወር አብቦ አሥራ አንድ ወር ባዶ የሆነ መንገድ አያኖራትም።

የፒያሳዋ፦ ከትምህርት ቤት በር ራቅ ካለ እስማማለሁ። መንጋ መጥቶ ዛፍ ላይ ቢሰፍርስ?

ጓሮ አትክልት፦ ንብ አናቢ ይጠራ፣ ቀፎ ውስጥ አስገብቶ ይወስዳታል። ላምባ የሚደፋባት ሰው ብቻ አይቅደመው።