ግራፉ 4 በመቶ ይላል፣ ሰርቨሩ ግን ቆሟል። የቱን ልመን?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኡቡንቱ ሰርቨር ነው፤ 4 ኮር፣ 16 ጊጋ ራም። ፒኤችፒ እና ዳታቤዙ ፖስትግሬስ አብረው ይሠሩበታል። ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ክሮን በየደቂቃው ፒኤስን (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን፣ ማለትም ፕሮሰሶችን የሚዘረዝረውን ትዕዛዝ) የሚጠራ ስክሪፕት ያስነሳል፤ ውጤቱን በኖድ ኤክስፖርተር በኩል ቁጥር ሰብሳቢው ፕሮሜቴየስ ወስዶ በግራፍ መሳያው ግራፋና ላይ አየዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሰው «ሲስተሙ ቆመ» እያለ ይደውላል። ግራፉ ላይ ግን ፖስትግሬስ ከ4 በመቶ አያልፍም። የፕሮሰሶቹን ሜሞሪ ስደምረው ደግሞ ከራሙ ይበልጣል። ኮኔክሽኖቹ ለቀናት ሳይዘጉ ይቆያሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግራፉ ላይ ያለውን የሲፒዩ ቁጥርም የደመርከውን ሜሞሪም አትመን። የፒኤስ የሲፒዩ ቁጥር የአሁኑን አያሳይም። ፕሮሰሱ ከተነሳ ጀምሮ የበላው የሲፒዩ ጊዜ ለዕድሜው ተካፍሎ ነው። አንድ ሳምንት ሥራ ፈቶ የከረመ ፕሮሰስ ለ10 ደቂቃ አንድ ሙሉ ኮር ቢይዝ፣ ቁጥሩ 0.1 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳትና ኔትወርኩን ሲወቅስ ይውላል፤ በጣም ያሳዝነኛል። ሲስስታት የሚባለውን ጥቅል ጫን። ውስጡ ፒድስታት አለ፤ «ፒድስታት 5 1» ስትለው በ5 ሰከንድ ውስጥ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ ይነግርሃል።

ሜሞሪውን በተመለከተ፣ የደመርከው አርኤስኤስ ነው፤ ፕሮሰሱ ራም ላይ የያዘው ሁሉ፣ የጋራውንም ጨምሮ ማለት ነው። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱን ፕሮሰስ ይከፍታል፤ በጋራ የሚጠቀሙበት በፈር (ዳታ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ክፍል) ደግሞ በነካው ፕሮሰስ ሁሉ ላይ ይቆጠራል። አምስት ሰው ከአንድ ጀበና ቢጠጣ አምስት ጀበና ተፈላ እንደማለት ነው። የጋራውን ለተጋሪዎቹ የሚያካፍለውን ፒኤስኤስ ውሰድ። ከሊነክስ ከርነል 4.14 ጀምሮ ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ሥር በየፕሮሰሱ ማውጫ፣ ስማፕስ ሮልአፕ በሚባለው ፋይል ታገኘዋለህ። ስክሪፕቱን በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ዩዘር) አስኪደው፣ አለዚያ የሌላ ዩዘር ፕሮሰስ አያስነብብህም።

ሌላ መልስ፦ ትክክል። እኔ ልጨምር፤ ወደ ፕሮሜቴየስ በምትልከው ቁጥር ላይ ፒአይዲን (የፕሮሰሱን መለያ ቁጥር) ሌብል አታድርገው። አዲስ ፕሮሰስ በተነሳ ቁጥር አዲስ ሲሪስ (ለብቻው የሚቀመጥ የቁጥር ተከታታይ) ይፈጠርና ፕሮሜቴየስ ራሱ ሜሞሪ ይጨርሳል። በፕሮሰስ ስም ደምረህ ላክ። ክሮኑ ላይ ስክሪፕቱ ተደራርቦ እንዳይሄድ የሚቆልፈውን ፍሎክ ጨምርበት። ሰርቨሩ ሲጨናነቅ ስክሪፕቱም ይዘገያል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ከተነሳ ጭራሽ ጭነት ይሆናል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ጠዋት ፒድስታት አራት የፖስትግሬስ ፕሮሰሶች እያንዳንዳቸው ወደ 100 በመቶ ይዘው አሳየኝ። ምን እየሠሩ እንደሆነ በምን ልወቅ?

መልስ፦ ዳታቤዙ ውስጥ ገብተህ በእያንዳንዱ ኮኔክሽን ምን እየተሠራ እንደሆነ የሚዘረዝረውን ፒጂ ስታት አክቲቪቲን ጠይቅ። በፒአይዲው ፈልገው፤ ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የቀረበው ጥያቄ) እና የተጀመረበት ሰዓት እዚያው አለ። ኩዌሪውን እዚህ ለጥፈውና አብረን እንየው።