ማርሚታ ከቀየርኩ ወዲህ ሞተሬ ጧ ጧ ይላል፣ ምን ይሻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሐዋሳ ነው የምነዳው፣ ቦክሰር 150። ከሦስት ሳምንት በፊት የፋብሪካውን ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን) አስወልቄ አጭር የስፖርት ማርሚታ አስገጠምኩ። መጀመሪያ ድምፁ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን አደባባይ ስደርስ ፍጥነት ለመቀነስ ነዳጅ ስለቅ ጧ ጧ ይላል። ሰው ጭኜ ስነሳም ጉልበቱ የቀነሰ ይመስለኛል። እናቴ ደግሞ ማታ ስገባ «ሰፈሩን ቀሰቀስከው» ብላ ተቆጣችኝ። የድሮውን ልመልስ ወይስ መላ አለው?

መካኒኩ፦ ወንድሜ፣ ለመመለስ አትቸኩል። ሲገጥሙልህ ጓርኒሲዮኑን፣ ቱቦውና ሞተሩ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ ቀለበት፣ ቀየሩልህ? ብዙ ጊዜ የድሮዋን መልሰው ይከቷታል። እሷ ቀለበት አንዴ ከተጨፈለቀች ወዲያ በደንብ አትዘጋም። ነዳጅ ስትለቅ በዚያ በኩል አየር ይስባል። ያልተቃጠለው ቤንዚን በጋለው ቱቦ ውስጥ አየር ሲያገኝ ይቀጣጠላል። ጧ የሚለው እሱ ነው። ቱቦው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዙሪያውን ጥላሸት ካየህ በቃ፣ አገኘኸው። አዲስ ጓርኒሲዮን አስገባና ሁለቱን ዳዶ እያፈራረቅህ ትንሽ ትንሽ አጥብቅ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ይጣመማል።

ከዚያ ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ፍታ። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር የተስተካከለው ለፋብሪካው ማርሚታ ነው፤ ጭሱ እንደ ልብ ሲወጣ ልኩ ይዛባል። እንዲሁ ከነዳኸው ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። የሚያውቅ ሰው ያስተካክልልህ።

የባህር ዳሩ፦ የስፖርት ማርሚታ ጉልበት ይጨምራል የሚሉ ሰዎች በጆሯቸው ነው የለኩት። ትንሽ ሞተር እኮ ነው፣ 144.8 ሲሲ! እኔም ገጥሜ ነበር፣ የመለስኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። መከለያ አልነበረውም፣ የጫንኩት ልጅ ባቱ ተቃጠለ። አንተም ሰው የምትጭን ከሆነ መጀመሪያ እሱን እይ።

መለዋወጫ ሻጭ፦ ድምፁን በተመለከተ ጫፉን ተመልከት። ብዙዎቹ ውስጣቸው በአንዲት ቡሎን የተያዘች ጠባብ ቱቦ አለቻቸው፣ ድምፅ የምትቀንስ። ገጣሚው «እንዲያጓራ» ብሎ አውጥቷት ይሆናል። ጠይቀው። ውስጡ ጥጥ የመሰለ ነገር ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጥጡ ቀስ በቀስ ተቃጥሎ ያልቃል፣ ድምፁም አብሮ ይጨምራል።

ነርሷ፦ እኔ ሞተር አልነዳም፣ ወንድሜ ግን ይነዳል። ለጆሮ የሚመከረው ገደብ በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 88 ከሆነ 4 ሰዓት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ስትሠራበት የምትውል ከሆነ ሄልሜት ብቻ አይበቃህም፣ የጆሮ መድፈኛ ግዛ። ማታ ጆሮህ ጭው ካለ አትናቀው።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መካኒኩ እንዳልከው ጓርኒሲዮኗ የድሮዋ ነበረች፣ ተሰንጥቃለች። ቀየርኳት፣ ጧ ጧው ከሞላ ጎደል ጠፋ። ካንዴላው ነጣ ብሏል፣ ቅዳሜ ካርቡራተሩን አሳያለሁ። ቱቦዋም ገጣሚው ጋ ተገኘች፣ ጥግ ላይ ጥሏት! እናቴ ለጊዜው ዝም ብላለች። የድሮው ማርሚታ ግን አልጋ ሥር አለ፣ አልሸጥኩትም።