ሊግ ቱ በድምፅ ዘመን ይሻል ነበር?

አስር ቁጥር፦ ትናንት እዚህ አንዱ "ድሮ የእንግሊዝ ትንንሽ ክለቦች እንደ ቤተሰብ ይተሳሰቡ ነበር፤ አሁን ከሊግ ቱ፣ ከአራተኛው እርከን፣ በየዓመቱ ሁለቱን ማውረድ ጭካኔ ነው" ብሎ ጻፈ። ድሮ መጨረሻ የወጡት ክለቦች ይቆዩ ወይስ በውጭ ክለብ ይተኩ የሚለውን የሊጉ ክለቦች በድምፅ ይወስኑ ነበር። ደሜ ፈላ። ቤተሰብ? ባሮውን ጠይቁት! በፈረንጆቹ 1972 አራተኛ ዲቪዚዮንን፣ የዛሬውን ሊግ ቱ፣ 22ኛ ሆኖ ጨረሰ። ስቶክፖርትና ክሩ ከሱ በታች ነበሩ። በድምፅ ተቆርጦ የወጣው ግን ባሮው ነው። ሄርፎርድ በዚያው ዓመት ኒውካስልን ከኤፍኤ ካፕ አስወጥቶ ስሙ ገንኖ ነበር። ለሱ ቦታ ሰጡት።

ማዕዘን ምት፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ድምፁ ያመጣቸውን ለምን ዘለልክ? ዊምብልደን በ1977፣ ዊጋን በ1978። ሁለቱም በድምፅ ገቡ። ሁለቱም ኤፍኤ ካፕ አነሱ፣ በ1988 እና በ2013።

ቀዩ ካርድ፦ የገቡትን ቆጠርክ። የቀሩትስ? አልትሪንቻም በ1980 በአንድ ድምፅ ነው የቀረው። ሃርትልፑል ደግሞ 14 ጊዜ ድምፅ ለምኖ 14ቱንም ጊዜ ተረፈ። ቤተሰብ ያልከው ይሄን ነው?

ማዕዘን ምት፦ ሃርትልፑልን ተወው! ደጋፊው ምን አጠፋ?

አስር ቁጥር፦ የዎርኪንግተን ደጋፊስ ምን አጠፋ? በ1977 ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሊንከን ግን ድምፁ ቀርቶ በ1987 መጨረሻ በመውጣቱ በቀጥታ የወረደ የመጀመሪያው ክለብ ነው። በዓመቱ ተመለሰ።

መረብ፦ ሊንከንን ካነሳችሁ ግን ተበድሏል። በመጨረሻው ቀን እንደሱ ላለመውረድ ይታገል የነበረውን የቶርኪን ተጫዋች የፖሊስ ውሻ ነከሰው። ለሱ ሕክምና በተጨመረው ሰዓት ቶርኪ አቻ አድርጎ ዳነ።

ቀዩ ካርድ፦ ውሻው ምን አደረገ? ሊንከን እኮ በስዋንሲ 2 ለ 0 ተሸንፏል። ያሸንፍ ነበራ!

ማዕዘን ምት፦ ድምፁ ሲቀር ለታች ክለቦች በሩ ተከፈተ ትላላችሁ። ኪደርሚንስተር በ1994፣ ማክልስፊልድ በ1995፣ ስቲቭኔጅ በ1996 ከታች ያለውን ሊግ በልተው በስታዲየም ሰበብ አልቀሩም?

አስር ቁጥር፦ ቀርተዋል፣ ያናድዳል። ግን መስፈርቱ የታወቀ ነው። ማክልስፊልድ አሟልቶ በ1997 ገባ። ድምፅ ሰጪ ክለብ ግን ባሮውን ለምን እንደጣለ ለማን ያስረዳል? ባሮው 48 ዓመት ቆይቶ በ2020 ተመለሰ። በነጥቡ እንጂ በማንም ችሮታ አይደለም።

መረብ፦ እኔ እንዲያውም ሁለት ያንሳል ባይ ነኝ። ከታች ባለው ሊግ ያሉት ሦስት ክለብ ወደ ላይ ይደግ እያሉ ነው፤ ልክ ናቸው።

ማዕዘን ምት፦ ሦስት ክለብ ሲወርድ የሦስት ክለብ ገቢ ይወድቃል። ሠራተኛውን ማን ይከፍለዋል? ደግሞ ስለ ዊምብልደን አልመለሳችሁልኝም።

ቀዩ ካርድ፦ ዊምብልደን ከአራተኛ ዲቪዚዮን በታች የነበረውን ሳውዘርን ሊግን ከ1975 እስከ 1977 በተከታታይ ሦስቴ በልቷል። ቤተሰብህ በሩን የከፈተለት በሦስተኛው ነው። በዛሬው ሕግ በመጀመሪያው ዓመት ይገባ ነበር።

ማዕዘን ምት፦ ስታዲየሙ ቢፈቀድለት!